የፒሳው ማማ ለምን ዘመመ? ለምንስ አልወደቀም?

የፒሳን ማማ በፎቶ ያላየ ሰው የለም ማለት ይቻላል። እጁን ዘርግቶ ማማውን የደገፈ የሚመስል ቱሪስት ያለበትን ፎቶ ደግሞ ሁላችንም አይተናል። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ይቆማል። ለምን ዘመመ? ይህን ያህል ዘመን ሳይወድቅ እንዴት ቆየ? አሁንስ ያሰጋል ወይ?

መልሱን ከድንጋዩ ሳይሆን ከአፈሩ ነው የምናገኘው። ማማው ራሱ ግሩም ሥራ ነው። ያስቸገረው ከሥሩ ያለው መሬት ነው። ታሪኩን ስከታተል ከሁሉም በላይ የገረመኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ሰው መሬቱን ሳያጠና ማማውን በነካ ቁጥር ነገሩ ባሰበት፤ የዳነው ሰዎች ቀስ ብለው፣ በየቀኑ እየለኩ ሲሠሩ ነው። ለዚህም ነው ታሪኩን ከመሠረቱ ጀምሬ ማስረዳት የፈለግኩት። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማማው ለብቻው የተሠራ ሐውልት አይደለም። የፒሳ ካቴድራል የደወል ቤት ነው። ፒሳ በጣሊያን ቶስካና ግዛት ያለች ከተማ ስትሆን፣ በ11ኛውና በ12ኛው ክፍለ ዘመን ኃይለኛ የባሕር ከተማ ነበረች። መርከቦቿ በ1063 የሲሲሊዋን ፓሌርሞን ወግተው ብዙ ምርኮ ይዘው ተመለሱ። ካቴድራሉም በዚያ ገንዘብ ተጀመረ። ከዚያ ክብ የሆነው የጥምቀት ቤት ተከተለ፤ ቀጥሎም የደወሉ ማማ። በርታ የምትባል አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በ1172 መጀመሪያ በኑዛዜዋ ለማማው ድንጋይ መግዣ 60 ሶልዲ (የዘመኑ ገንዘብ) ትታ አልፋለች። መሠረቱ በ1173 በነሐሴ ወር ገደማ ተጣለ። አሠሪው ማን እንደነበር ዛሬም ያከራክራል። በልማድ የሚጠራው ስም ቦናኖ ፒሳኖ ነው።

ቁመቱ ወደ 56 ሜትር ነው፤ ክብደቱ 14,500 ቶን ገደማ። ስምንት ፎቅ አለው፦ ታችኛው ምድር ቤት፣ በላዩ በአምዶች የተከበቡ ስድስት ሰገነቶች፣ ከሁሉም በላይ ሰባት ደወሎች የተሰቀሉበት ክፍል። ከውጭ ሲታይ ሙሉ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ውስጡ ባዶ ነው፤ ከታች እስከ ላይ እንደ ጉድጓድ ክፍት። ግድግዳውም ቢሆን ወጥ ድንጋይ አይደለም። ከውጭና ከውስጥ በኩል እብነ በረድ ተደርድሮ መሃሉ በድንጋይ ስብርባሪና በኖራ ተሞልቷል። ደረጃው የሚዞረው በዚሁ ግድግዳ ውስጥ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ከሥሩ ያለው መሬት

ፒሳ ወንዝ ባመጣው ደለል ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ባሕሩ በዚያ ዘመን ከአሁኑ ይልቅ ለከተማዋ ቅርብ ነበር። ማማው ያለበት ቦታ ሲቆፈር የላይኛው 10 ሜትር ያህል አሸዋ፣ ደለልና ጭቃ የተደባለቀበት ነው። ቅልቅሉም በሁሉም በኩል እኩል አይደለም፤ በደቡብ በኩል ጭቃው ይበዛል። ከዚያ በታች እስከ 40 ሜትር ጥልቀት ድረስ በጣም ለስላሳ የባሕር ጭቃ አለ። ጠንከር ያለ አሸዋ የሚገኘው ከዚያ ወዲያ ነው። የከርሰ ምድር ውሃው ደግሞ አንድ ሁለት ሜትር ሲቆፈር ይገኛል።

በዚህ መሬት ላይ የተጣለው መሠረት 3 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው፣ ወደ 20 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው የድንጋይ ክብ ነው። 14,500 ቶን በዚያ ላይ ሲያርፍ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወደ 50 ቶን ይደርሳል። ግንበኛ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ጥልቀት የሌለው መሠረት ምን እንደሚያመጣ ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አክሱም ላይ ተሰባብሮ የተጋደመው 33 ሜትር ርዝመት ያለው ትልቁ ሐውልት የወደቀው መሬት ውስጥ የገባው ክፍል ለቁመቱ ስላልበቃው እንደሆነ ብዙ የዘርፉ ሰዎች ያምናሉ።

ታዲያ የፒሳው ለምን አልወደቀም? ባይገርማችሁ፣ ጦርነት ነው ያዳነው።

ግንባታው በ1178 አራተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፒሳ ከጀኖቫ፣ ከሉካና ከፍሎረንስ ጋር በየጊዜው የምትዋጋ ከተማ ነበረች። ሥራው ወደ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቋረጠ። በ1272 ጆቫኒ ዲ ሲሞኔ የሚባል አሠሪ ቀጠለው። በ1278 ሰባተኛው ላይ ሲደርስ እንደገና ቆመ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በ1284 የፒሳ መርከቦች በሜሎሪያ ጦርነት በጀኖቫ ተደመሰሱ፤ ከተማዋም ከዚያ በኋላ እንደ ድሮዋ አልሆነችም። የደወሉ ክፍል ተጨምሮ ማማው ያለቀው በ1370 ገደማ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወደ 200 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ይህ መዘግየት ማማውን እንዴት እንዳዳነው ለመረዳት ለስላሳ ጭቃ ክብደት ሲጫንበት ምን እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል። በጭቃው ቅንጣቶች መካከል ውሃ አለ። ክብደት ሲያርፍበት መጀመሪያ ሸክሙን የሚቀበለው ውሃው ነው። ውሃ ደግሞ ከጭቃ ውስጥ በቶሎ አይወጣም፤ ዓመታት፣ አንዳንዴም አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። ልክ አይብ በጨርቅ ተቋጥሮ ሲጫኑት አጓቱ ጠብ ጠብ እያለ እንደሚወጣና አይቡ እየጠጠረ እንደሚሄድ ነው። አጓቱ ሳይወጣ ብትጫኑት በጎን ይፈነዳል። ጊዜ ስትሰጡት ግን ይጠነክራል።

መሐንዲሶች በዘመናዊ ስሌት እንዳረጋገጡት፣ ግንባታው በ1178 ባይቆም ኖሮ መሬቱ ሸክሙን መሸከም አቅቶት ማማው ይወድቅ ነበር። በ1278 ባይቆምም እንደዚያው። መቶ ዓመት ያረፈው ጭቃ ውሃውን አውጥቶ ጠነከረ፤ ቀጣዩን ሸክም መቀበል ቻለ። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይህ ነው። ለከተማዋ መከራ የነበረው ጦርነት ለማማው ዕድሜ ሆነው።

ድንጋዩ የመዘገበው

ማማው በመጀመሪያ የዘመመው ወደ ደቡብ አይደለም። በመጀመሪያው ዙር በጣም በጥቂቱ ወደ ሰሜን ነበር ያዘነበለው። ሥራው በ1272 ሲቀጥልና ክብደቱ ሲጨምር አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ደቡብ ዞረ።

ይህን ዛሬ እንዴት ማወቅ ተቻለ? የጻፈ ሰው ኖሮ አይደለም። ድንጋዮቹ ራሳቸው ናቸው የመሰከሩት። ግንበኞቹ ማማው መዝመሙን እያዩ ነው የሠሩት። አዲስ ረድፍ ድንጋይ ሲያስቀምጡ በቱምቢ እያዩ ለማቅናት ይሞክሩ ነበር። ስለዚህ በዘመመው በኩል ያለውን ድንጋይ ትንሽ ወፍራም፣ በሌላው በኩል ያለውን ትንሽ ቀጭን አድርገው ጠረቡት። በዘመናችን ያሉ ባለሙያዎች የድንጋዮቹን ውፍረት ረድፍ በረድፍ ለክተው፣ እያንዳንዱ ረድፍ ሲቀመጥ ማማው ስንት ዲግሪ አዘንብሎ እንደነበር መልሰው አሰሉት። በ1278 ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ የበለጠ ነበር። የደወሉ ክፍል ሲጀመር ደግሞ ከአንድ ዲግሪ ተኩል በላይ ሆኖ ነበር።

በዚህም የተነሳ ማማው ቀጥ ብሎ የዘመመ አይደለም፤ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፣ ላይኛው ክፍል ወደ ሰሜን መለስ ይላል። ፎቶውን አስፍታችሁ ብታዩት በዓይን ይለያል። ከሁሉ የሚያምረው ማስረጃ ግን ጫፉ ላይ አለ። ከሰባተኛው ፎቅ ጠርዝ ወደ ደወሉ ክፍል ወለል ለመውጣት በሰሜን በኩል አራት ደረጃ አለ፤ በደቡብ በኩል ስድስት። የደወሉን ክፍል የሠሩት ሰዎች ወለላቸውን ለማስተካከል ሁለት ደረጃ መጨመር ነበረባቸው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ማማው ምን ያህል ዘሞ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚናገር ነገር አላውቅም።

የጋሊሊዮን ነገር በአጭሩ ልንካው። ጋሊሊዮ በ1564 ፒሳ ተወለደ፤ እዚያም አስተምሯል። ከማማው ላይ ቀላልና ከባድ ኳሶች ለቆ እኩል ማረፋቸውን አሳየ የሚለው ታሪክ የመጣው ከተማሪው ከቪቪያኒ ነው። ብዙ የታሪክ ሰዎች ይህ በእርግጥ መደረጉን ይጠራጠራሉ።

ላግዝህ ያሉት ሁሉ ጎዱት

ማማው በራሱ ክብደት በአማካይ ወደ 3 ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ሰጥሟል። ስለዚህ የታችኞቹ አምዶች እግር ተቀብሮ ነበር። በ1838 አሌሳንድሮ ጌራርዴስካ የሚባል አርክቴክት ይህ ውበት መታየት አለበት ብሎ በማማው ዙሪያ መሬቱን ቆፍሮ የእግረኛ መተላለፊያ አበጀ። ቁፋሮው ከከርሰ ምድር ውሃው በታች ገባ። በደቡብ በኩል ውሃ ገንፍሎ ወጣ። ማማውም በድንገት ግማሽ ዲግሪ ያህል ተጨማሪ ዘመመ። ለዘመናት ቀስ እያለ ሲሄድ የነበረ ነገር በአንድ ቁፋሮ ዘለለ።

በ1934 ደግሞ የሙሶሊኒ መንግሥት ማማው ይጠናከር አለ። መሠረቱ ላይ 361 ቀዳዳ ተበስቶ ወደ 90 ቶን የሚጠጋ ሲሚንቶ ተረጨበት። ሐሳቡ መሠረቱን ማጠንከር ነበር። ችግሩ ግን መሠረቱ ላይ አልነበረም፤ ከሥሩ ያለው አፈር ነበር። ማማው እንደገና ወደ ደቡብ ተንቀሳቀሰ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያም በአካባቢው ከጉድጓድ ብዙ ውሃ ይሳብ ስለነበር መዝመሙ ፈጠነ፤ ፓምፖቹ ሲቀነሱ ደግሞ ቀስ አለ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ መዝመሙ በዓመት ከአንድ ሚሊሜትር ትንሽ የሚበልጥ ነበር። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በየጊዜው እየፈጠነ የሚሄድ ነበር። ምክንያቱም ሕንጻ በዘመመ ቁጥር ክብደቱ ወደዚያው ጎን ይሄዳል፤ ክብደቱ ሲሄድ ያ ጎን ይበልጥ ይሰጥማል፤ ሲሰጥም ደግሞ ይበልጥ ይዘማል። የሆነ ነጥብ ላይ ሲደርስ ማቆሚያ የለውም። ለዚያ ነጥብ በጣም ቀርቦ ነበር።

በመጋቢት 1989 በሰሜን ጣሊያን በፓቪያ ከተማ የነበረው የከተማው ማማ ምንም ምልክት ሳይሰጥ ተደርምሶ አራት ሰዎች ገደለ። ያ ማማ የዘመመ እንኳን አልነበረም። የግድግዳው አሠራር ግን ከፒሳው ጋር ይመሳሰል ነበር፦ ከውጭ የተጠረበ ድንጋይ፣ መሃሉ በኖራና በስብርባሪ የተሞላ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። በፒሳም በደቡብ በኩል ያለው ግድግዳ፣ በተለይ ከምድር ቤቱ በላይ ግድግዳው የሚሳሳበት ቦታ፣ ከአቅሙ በላይ ተጭኖት ነበር። ደረጃው ደግሞ በዚያው በግድግዳው ውስጥ ያልፋል፤ ድንጋዩ እዚያ ጋ ሊፈነዳ ይችል ነበር። መንግሥት በጥር 1990 ማማውን ለጎብኝ ዘጋው። ከ800 ዓመት በኋላ ማማው የሁለት አደጋ ባለቤት ሆነ፦ ከታች መሬቱ ሊከዳው ይችላል፣ ከመሃል ግድግዳው ሊፈነዳ ይችላል።

እርሳስ፣ ኬብልና አንድ መጥፎ ሌሊት

የጣሊያን መንግሥት ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው በቱሪን ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ሚኬሌ ያሚዮልኮቭስኪ ነበሩ። ከለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የመጡት ፕሮፌሰር ጆን በርላንድ የአፈሩን ጉዳይ ከያዙት ዋነኞቹ ነበሩ። መሐንዲሶች ብቻ ሳይሆኑ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሰዎችና የቅርስ ጠጋኞችም አብረው ተቀመጡ። ይህ መልካም ነበር፤ ነገሩን ግን አከበደው። ማማው መዳን አለበት፤ ሆኖም ሲያዩት የተነካ መምሰል የለበትም። ቀጥ ማለትም የለበትም። የዘመመ ማማ ነው ሰው የሚያውቀው።

መጀመሪያ አስቸኳዩን አደረጉ። በ1992 ለጉዳት በተጋለጠው ክፍል ዙሪያ በፕላስቲክ የተሸፈኑ ቀጫጭን የብረት ገመዶች አጠበቁ። በ1993 ደግሞ በሰሜን በኩል መሠረቱ ላይ በኮንክሪት ቀለበት አድርገው 600 ቶን የእርሳስ ጡብ ከመሩበት። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ደቡቡ ከሰጠመ ሰሜኑን ጫነው። ማማው በጣም ትንሽ ወደ ሰሜን ተመለሰ። ልኬቱ ትንሽ ቢሆንም በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር ሰው ነክቶት ወደ ቀናው አቅጣጫ የሄደው።

ጥናቱ አንድ ያልተጠበቀ ነገርም አሳየ። ማማው በዓመቱ ውስጥ እኩል አይዘምም። በዚያ አገር ዝናብ በሚበዛበት፣ ከመከር እስከ ቀዝቃዛው ወራት ባለው ጊዜ ነው የሚንቀሳቀሰው። የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ይላል፤ በተለይ በሰሜን በኩል ይጨምርና መሠረቱን በትንሹ ገፋ አድርጎ ያነሳዋል። ውሃው ሲወርድ ግን ሁሉም አይመለስም። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጠራቀማል።

እርሳሱ ለዓይን ያስቀይም ነበር። ያንን የመሰለ እብነ በረድ ላይ የግራጫ ጡብ ክምር። ስለዚህ በ1995 እርሳሱን አንስተው ማማውን ከጥልቁ አሸዋ ጋር በሚያያዙ የብረት መልሕቆች ለመተካት አሰቡ። ለዚያ ከማማው ሥር፣ ከውሃው በታች መቆፈር ያስፈልግ ነበር። ውሃው እንዳይገባ መሬቱን በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ጀመሩ። በሴፕቴምበር ወር፣ በደቡብ በኩል መሬቱ ሲቀዘቅዝ ማማው ወደ ደቡብ መሄድ ጀመረ። በአንድ ሌሊት በዓመት የሚሄደውን ያህል ሄደ። ወዲያው ሥራው ቆመ። ሌላ ብዙ ቶን እርሳስ በጥድፊያ ተጨመረና ወደ 900 ቶን ደረሰ። ማማው ረጋ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ደረሰባቸው።

አፈር ማውጣት

መፍትሔው የተገኘው ከዚያ በኋላ በተመረጠው ዘዴ ነው። በ1962 ፈርናንዶ ቴራቺና የሚባል ጣሊያናዊ መሐንዲስ ያቀረበው ሐሳብ ነበር፤ ለብዙ ጊዜ ሰሚ አላገኘም። ደቡቡን ለማንሳት አትታገል፤ ከሰሜኑ ሥር ትንሽ አፈር አውጣ፤ ሰሜኑ ራሱ ዝቅ ይላል ነው ነገሩ። በአባባል ቀላል ነው። 14,500 ቶን፣ ሊወድቅ የተቃረበ ሕንጻ ሥር ሄዶ አፈር ማውጣት ግን ልብ ይጠይቃል።

ስለዚህ ዘለው አልገቡም። መጀመሪያ በላቦራቶሪ በትንሽ ሞዴል ሞከሩ። በኮምፒዩተር አሰሉ። በዚያው አደባባይ ላይ 7 ሜትር ስፋት ያለው የኮንክሪት መሠረት ሠርተው፣ ወደ አንድ ጎን ጭነውት፣ ከሥሩ አፈር አውጥተው መቅናቱን አዩ። በዚህ ሁሉ አንድ ወሳኝ ነገር ተረዱ፦ መሻገር የሌለበት መስመር አለ። አፈሩን ከሰሜኑ ጠርዝ አጠገብ ብታወጣ ማማው ይቀናል። ከዚያ መስመር አልፈህ ወደ መሃል ብትገባ ግን በተቃራኒው ይበልጥ ይዘማል። ያንን መስመር ሳያውቁ ቢጀምሩት ኖሮ መጨረሻው ሌላ ይሆን ነበር።

በ1998 ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሁለት ረጃጅም የብረት ገመዶች ታስረው ወደ ሰሜን ተወጠሩ። ማማውን ለመሳብ ሳይሆን ድንገት ቢከዳ ለመያዝ ነው።

በፌብሩዋሪ 1999 ሙከራው በራሱ በማማው ላይ ተጀመረ፤ በ12 ቀዳዳ ብቻ። መሰርሰሪያው ሁለት ክፍል አለው፦ ከውጭ ቱቦ፣ ከውስጥ ጠመዝማዛ ብረት። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሽከረከራሉ፤ ስለዚህ በዙሪያው ያለው አፈር አይበጠበጥም። ከሰሜን በኩል ሰያፍ ሆኖ ይገባል። የተመደበው ቦታ ሲደርስ ጥቂት አፈር ይዞ ወደ ኋላ ይሳባል። የቀረው ክፍተት፣ አፈሩ ለስላሳ ስለሆነ፣ በራሱ ቀስ ብሎ ይዘጋል። ይኸው ነው። በአንድ ጊዜ የሚወጣው አፈር በባልዲ የሚያዝ ነው። ከዚያ ይቆማል፤ ማማው ይለካል። በርላንድ ለንደን ሆነው በየቀኑ ልኬቱ በፋክስ ይደርሳቸው ነበር፤ አይተው፣ የሚቀጥለው አፈር ከየት ይውጣ የሚለውን ጽፈውና ፈርመው ይልካሉ። የአንድ ቀን ሥራ ያለ ትእዛዝ አልተሠራም።

ማማው ወደ ሰሜን መመለስ ጀመረ። በ2000 ቀዳዳዎቹ 41 ሆኑ። ማማው በቀና ቁጥር እርሳሱ ቀስ በቀስ ተነሳ። በ2001 ሥራው ሲያልቅ የወጣው አፈር በሙሉ 38 ሜትር ኩብ ገደማ ነበር፤ ጥቂት የገልባጭ መኪና ጭነት ማለት ነው። ጫፉ ወደ 45 ሴንቲሜትር ተመለሰ፤ በማዘንበል ግማሽ ዲግሪ። የ1838ቱ ቁፋሮ ከመቆፈሩ በፊት ወደነበረበት ሁኔታ ቀረበ። በዲሴምበር 2001 ለጎብኝ ተከፈተ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚምታታበት ቁጥር አለ። አንዳንዱ ቦታ ማማው 5 ዲግሪ ገደማ ይዘማል ይላል፤ አንዳንዱ 4። ማማው ጎባጣ ስለሆነ ነው። መሠረቱ ላይ ሲለካ ከ5.5 ወደ 5 ዲግሪ ገደማ ወረደ። ከታች እስከ ጫፍ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ሲታሰብ ደግሞ ወደ 4 ዲግሪ ነው፤ ላይኛው ክፍል ወደ ሰሜን መለስ ስለሚል። በሜትር ከሆነ ጫፉ ከመሠረቱ ወደ 4 ሜትር ገደማ ወጣ ብሏል።

ቀጥሎም በሰሜን በኩል ውሃው ከመጠን በላይ ከፍ እንዳይል የሚቆጣጠር ማፋሰሻ ተሠራ። ያ የመከር ዝናብ ያመጣው የነበረ ነገር በዚህ ተያዘ። በ2008 ማማው መንቀሳቀስ ማቆሙ ተገለጸ፤ የተሠራው ሥራ ቢያንስ ለ200 ዓመት እንደሚያቆየው ይታመናል። በ2018 ደግሞ ተቆጣጣሪዎቹ ሥራው ካለቀ ወዲህ ሌላ 4 ሴንቲሜትር በራሱ መመለሱን አሳወቁ። ማማው ላይ የተተከሉ መለኪያዎች ዛሬም ይሠራሉ።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥም አንድ ነገር። ከ1280 ወዲህ አካባቢውን ቢያንስ አራት ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ መትቶታል። ማማው አልወደቀም። በ2018 የጣሊያንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ምክንያቱን አስረዱ። ማማው ረጅምና ግትር ነው፤ ከሥሩ ያለው አፈር ደግሞ በጣም ለስላሳ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የማማው የመወዛወዝ ፍጥነት ከመሬቱ ንዝረት ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ንዝረቱ አይጎላበትም። ያው ያዘመመው ጭቃ ከዚህ አዳነው።

በአዘነበለ ሕንጻነት ፒሳ ብቸኛ አይደለም። እዚያው ከተማ ውስጥ እንኳን ሌሎች ሁለት የቤተ ክርስቲያን ማማዎች ይዘማሉ። አቡ ዳቢ ያላችሁ የምታውቁት ካፒታል ጌት 18 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፤ እሱ ግን ሆን ተብሎ እንዲያ ተነድፎ የተሠራ ነው። አፈር የማውጣቱ ዘዴም ፒሳ ላይ ብቻ አልቀረም። በሜክሲኮ ሲቲ ትልቁ ካቴድራል፣ የድሮ ሐይቅ ጭቃ ላይ ቆሞ አንዱ ጎኑ ከሌላው በልጦ ሲሰጥም፣ በ1990ዎቹ በዚሁ ዘዴ ተስተካክሏል።

አሁን የሁሉም ዓይን ያለው ቦሎኛ ላይ ነው። እዚያ ጋሪሴንዳ የሚባል 48 ሜትር ቁመት ያለው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ማማ አለ። እሱም ወደ 4 ዲግሪ ዘሟል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከመዝመሙ የተነሳ ፈርተው ከላይ ብዙ ሜትር ቆርጠውለታል። በኦክቶበር 2023 መለኪያዎቹ ያልተለመደ እንቅስቃሴ አሳዩና አካባቢው ተዘጋ። በፒሳ ያገለገሉት ገመዶችና ገመዶቹን የሚይዙት የብረት ማማዎች ለእሱ እንዲውሉ ተወሰነ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የጋሪሴንዳ ዋና ሕመም ያለው ታችኛው ክፍሉ በተሸፈነበት፣ እርጥበት በሚያዳክመው ድንጋይና በግድግዳው መሃል ባለው ሙሌት ላይ ነው። እዚያ አፈር ማውጣት ብቻውን አይፈውሰውም። መጀመሪያ ገመዱ ይይዘዋል፤ ከዚያ ጠጋኞቹ ግድግዳውን በጥቂት በጥቂቱ በኖራ እየሞሉ ያጠነክሩታል።